የምክር ዓምድ፦ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ያላለፈው ሰብሳቢ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሪል አናሊስስ (ካልኩለስን ከሥሩ የሚያረጋግጠው የሂሳብ ዘርፍ) ላይ ኤፍ አግኝቼ፣ ኮርሱን ደግሜ ነው የተመረቅኩት። ይገርምዎታል፣ አሁን ደግሞ የድሮ የሪል አናሊስስ መጽሐፍ ካየሁ ሳልገዛ ማለፍ አልችልም። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ፣ ከቆራሌው፣ ጡረታ ከወጡ መምህራን እየለቃቀምኩ 31 ደርሰዋል። የዋልተር ሩዲን የአናሊስስ መጽሐፍ ብቻ ሦስት አለኝ፤ ሦስቱም ያው እ.ኤ.አ. የ1976ቱ ሦስተኛ እትም ነው። ሚር የተባለው የሶቪየት አሳታሚ ያወጣቸው የሩሲያ መጽሐፎችም አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አልፌ ያነበብኩት አንድም የለም።

የምንኖረው ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ባለቤቴ «ወይ መጽሐፎችህ ኪራይ ይክፈሉ፣ ወይ ይውጡ» ትለኛለች። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ቤቱን የሻጋታ ሽታ ይሞላዋል። ኮምቦልቻ አማቶቼ ቤት ልውሰዳቸው እያልኩ ነው። በዚህ ላይ ሰሞኑን አንድ ነጋዴ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አሳየኝ። ከውስጡ የሩዲን እ.ኤ.አ. የ1964 እትም ወጣ፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማህተም አለበት። ዋጋው አይጎዳኝም። ልግዛው? ለመሆኑ እነዚህ መጽሐፎች አንድ ቀን ገንዘብ ያወጣሉ? ወይስ ዝም ብሎ እብደት ነው?»

የሂሳብ መምህሩ፣ ከደሴ ሸዋበር

አብሽር ወንድሜ፣ እብደት አይደለም። ሰው የወደደውን ሲሰበስብ አይተናል፤ የጣለውን ኮርስ የሚሰበስብ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ደስ ብሎኛል።

ነጋዴው ስለማይጠብቅህ ከካርቶኑ ልጀምር።

ማህተም ያለበትን መጽሐፍ ገና አትግዛው። መጀመሪያ ማህተሙን በደንብ እየው። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያስወግድ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ያደርግበታል። «ተወግዷል» የሚል ወይም «ዊዝድሮውን» የሚል ሌላ ማህተም ይመታበታል፤ አለዚያም የድሮው ማህተም ላይ መስመር ይሰመራል። እንዲህ ያለ ነገር ካለበት በሰላም ግዛው። ከሌለበት ግን ጥያቄ አለ። በ2014ቱ ጦርነት ከደሴም ከኮምቦልቻም የተቋማት ንብረት ተዘርፎ መበተኑን አንተም እኔም እናውቃለን። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ተነስቶ በጆንያ ዞሮ አንተ ፊት እስኪደርስ በስንት እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ነጋዴውም በኪሎ ገዝቶት ይሆናል። ስለዚህ ሌባ አታድርገው። ዝም ብለህ ግን አትክፈል፤ የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግም ያስጠይቃል።

እንዲህ አድርግ። ማህተሙንና የመመዝገቢያ ቁጥሩን በስልክህ ፎቶ አንሳ። ቁጥሩ አንዳንዴ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ይጻፋል፤ አንዳንዴም የኋላ ሽፋኑ ውስጥ፣ የውሰት ካርዱ ኪስ አጠገብ ታገኘዋለህ። ነጋዴውን «ማህተም የሌለባቸውን ዛሬ እወስዳለሁ፤ ይችን ለሳምንት አቆይልኝ» በለው። ነጋዴ ብር ካየ ይታገሣል። ከዚያ ፎቶውን ይዘህ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሂድ። ሩቅ ከሆነ ደውል። «አስወግደነዋል» ካሉህ አጭር ማረጋገጫ አስጽፈህ መጽሐፉ ውስጥ አኑረው። «የኛ ነው» ካሉህ ከነጋዴው ጋር አገናኛቸው፤ የቀረውን እነሱ ይነጋገሩ። አዎ፣ ያንገበግብሃል። ካለህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልግህ መጽሐፍ ያ የ1964ቱ ነውና።

ለምን መሰለህ? «ከመጀመሪያው ምዕራፍ አልፌ አላውቅም» ያልከውን እንደ ኑዛዜ ነው የጻፍከው። እኔ ግን ደብዳቤህን ሳነብ «በቃ፣ ይሄ ሰው የሚሰበስበው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው» አልኩ። ሳታውቀው የያዝከው ስብስብ እሱ ነው፤ ጥሩ ስብስብም ነው።

የሪል አናሊስስ ደራሲ ሁሉ ገና ብዕሩን ሲያነሳ የሚፋጠጠው አንድ ጥያቄ አለ። ሪል ነምበር ምንድን ነው? ክፍልፋይማ ቀላል ነው። በክፍልፋይ ብቻ የተሞላ የቁጥር መስመር ግን ቀዳዳ አለው፤ የ2 ስኩዌር ሩት ቦታው ባዶ ነው። ቀዳዳውን በምን ልድፈነው? ለተማሪውስ መቼ ልንገረው? አሁኑኑ፣ ወይስ ትንሽ ከበሰለ በኋላ? መልሱ ከደራሲ ደራሲ ይለያያል። የሚገርመው ግን የአንድ ደራሲ መልስም ከእትም እትም መለዋወጡ ነው።

ነገሩ የጀመረውም ከመምህር ጭንቀት ነው። ጀርመናዊው ሪቻርድ ዴዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1858 ዙሪክ ውስጥ ካልኩለስ ያስተምር ነበር። ክፍል ገብቶ ሥዕል እየሳለ «ይኸው፣ ታዩት የለም?» ማለቱ አላጠገበውም። ለማስተማር እንጂ ለማረጋገጥ አይበቃም አለ። መፍትሔው የመጣለትን ቀን ሳይቀር ጽፎታል፤ ኖቬምበር 24 ነበር። ክፍልፋዮችን ሁሉ ግራና ቀኝ ለሁለት መቁረጥ፣ ቁርጡንም ራሱን ቁጥር ብሎ መጥራት። ያሳተመው ግን በ1872 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

እንግሊዛዊው ሃርዲ «ኤ ኮርስ ኦቭ ፒዩር ማቲማቲክስ» የተባለውን መጽሐፉን በ1908 አወጣ። በ1914 ሁለተኛው እትም ሲታተም የዴዴኪንድን ነገር አምጥቶ ምዕራፍ 1 ውስጥ ከተተው፤ መጨመሩንም መቅድሙ ላይ ተናግሯል። ጀርመናዊው ላንዳው ደግሞ በ1930 ሌላ ምንም ሳይቀላቅል፣ ከ1፣ 2፣ 3 ተነስቶ ሪል ነምበር ላይ የሚደርስ፣ ከዚያም ኮምፕሌክስ ነምበር ላይ የሚያበቃ ራሱን የቻለ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። አምስት ምዕራፍ ብቻ። ደረቅ ነው፤ ቀልድ የለ፣ ሥዕል የለ። እኔ ግን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ሩዲን እንምጣ። የ1953ቱም የ1964ቱም እትም ምዕራፍ 1 ላይ ተማሪውን ይዞ በቀጥታ ወደ ዴዴኪንድ ቁርጥ ይገባል። የ1976ቱን ክፈት። ቁርጡ ከምዕራፉ ተነስቶ መጨረሻው ላይ አባሪ ሆኗል። ምክንያቱን ራሱ መቅድሙ ላይ ነግሮናል። በሎጂክ ትክክል ነው፣ በማስተማር ግን አይሆንም፤ ጀማሪ ተማሪ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም ይላል። አሜሪካዊው ስፒቫክ ደግሞ ቀድሞት በ1967 «ካልኩለስ» በተባለው መጽሐፉ ላይ ነገሩን ገፍቶ ገፍቶ የመጽሐፉ ማብቂያ ላይ አድርሶታል።

አየህ? ሃርዲ በ1914 ወደ ፊት ያመጣውን ሩዲን በ1976 ወደ ኋላ ወሰደው። የ1964ቱን ከ1976ቱ ጎን ስታስቀምጥ አንድ አስተማሪ ሐሳቡን ሲቀይር በዓይንህ ታያለህ። ሦስት አንድ ዓይነት ሩዲን ግን ይህን አያሳይህም።

የ1976ቱ መጀመሪያ ገጾች ላይ ያለችውን ሂሳብ ተማሪዎችህ ይሞክሯት። ስኩዌሩ ከ2 የሚያንስ ማንኛውንም ክፍልፋይ ያዝ። እጥፍ አድርገህ 2 ጨምርበት። ይህን፣ ክፍልፋዩ ራሱ ሲደመር 2 ለሚሆነው አካፍል። ከ1 ብትነሳ 4/3 ታገኛለህ። ከ4/3፣ 7/5። ከ7/5፣ 24/17። ስኩዌራቸውን አስላ፤ የ7/5 1.96 ነው፣ የ24/17 1.993 ገደማ። ሁልጊዜ ያድጋል፣ ሁልጊዜ ከ2 በታች ነው። ስለዚህ ስኩዌሩ ከ2 ከሚያንስ ክፍልፋይ ሁሉ ትልቁ የቱ ነው ብትል፣ የለም። ከላይ ከ3/2 ብትነሳ ደግሞ 10/7 ይመጣል፤ ቀንሶም ስኩዌሩ ከ2 በላይ ነው። ቀዳዳው ከሁለቱም ወገን ታየ ማለት ነው። ለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እውቀት ይተርፋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለህ ይህችን ገጽ ሰሌዳ ላይ ቀስ ብሎ የሠራልህ ሰው ቢኖር ኤፉ ላይመጣ ይችል ነበር። እሱ ያለፈ ነገር ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ነጋዴ ዘንድ ስትቆም ሽፋኑን ተወው። ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለውን ገጽ ክፈት። እትሙንና የኮፒራይት ዓመቱን እይ። ከታች ተርታ ቁጥር ከተደረደረ ብዙ ጊዜ ትንሿ ቁጥር ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ትነግርሃለች። ኅትመት ቢበዛ ይዘቱ ያው ነው፤ አንተን የሚመለከትህ እትሙ ነው። ከዚያ ምዕራፍ 1ን ገለጥ ገለጥ አድርግ። ሪል ነምበር በአክሲዮም (ያለ ማረጋገጫ በሚቀበሉት መነሻ) ነው የተሰጠው ወይስ ከክፍልፋይ ተገንብቶ? ይህ አጀማመር ቤቴ አለ ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። ካለ፣ መልሰህ አስቀምጠው። አዲስ እትም ደግሞ ሁልጊዜ የድሮውን አይተካም። የአፖስቶልን «ማቲማቲካል አናሊስስ» ብታይ፣ የ1974ቱ እትም የሌቤግን ኢንተግራል (ሰፋ ያለውን የኢንተግራል ዓይነት) ሲያስገባ የ1957ቱ ውስጥ የነበሩትን የቬክተር አናሊስስ ምዕራፎች አስወጥቷል።

ሃርዲን ፍለጋም አትንከራተት። የ1921 እትሙ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ አለ፤ ዋይፋይ ያለበት ቁጭ ብለህ አውርደው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አያወጡም። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ኢንተርናሽናል ስቱደንት ኤዲሽን» የሚል፣ ለተማሪ ኪስ ተብሎ በብዛት የታተመ ቅጂ ነው። ውጭ ያለ ሀብታም ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያ እትም፣ የመጀመሪያ ኅትመት፣ ያውም ከነወረቀት መደረቢያው ነው። ለልጆቼ ይተርፋል ብለህ ከሆነ እቁብ ግባ።

ሽታው ላይ ግን ቆም እንበል። ኮምቦልቻ መውሰዱን አልመክርህም። የሀረጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትጨርስ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለሃል። ሙቀቱ ሻጋታውን ያስታግስልህ ይሆናል፤ ወረቀቱን ግን ያስረጀዋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አብዛኛው መጽሐፍ የታተመው ከእንጨት በተሠራ፣ አሲድ ባለበት ወረቀት ላይ ነው። ቢጫ የሚሆነው፣ ጠርዙም ሲነኩት የሚፈረፈረው ለዚያ ነው። ሙቀትም እርጥበትም ያፋጥኑታል። የደሴ ብርድ ለወረቀት ወዳጅ ነው፤ ጠላትህ እርጥበቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አማት ቤት ያለ መጽሐፍ አይነበብም። ምስጥም ሊያገኘው ይችላል።

መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ አርቀው፤ ከኋላው ቢያንስ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ታችኛው ረድፍ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። መጽሐፎቹን አታጨናንቃቸው፣ በፌስታልም አትጠቅልላቸው፤ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ መስኮቱን ዝጋ፤ ብራ ሲሆን ክፈተው። ቀድሞ የሸተተውን ከሌሎቹ ለይተህ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አቆየው። ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ ሽፋኑ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይለቃል። በደንብ ከደረቀ በኋላ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ደጅ ሆነህ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። እርጥብ እያለ ከጠረግከው ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ነው የምታሸው። የተቀደደ ገጽ ላይ ደግሞ ስኮች እንዳትለጥፍ። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ ይወልቅና ቡናማ ሙጫው ፊደሉ ላይ ይቀራል።

ከካርቶን የመጣ መጽሐፍ ብል ሊኖረው ስለሚችል ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አትደባልቀው። ዲፕ ፍሪዘር ያለው ጎረቤት ካለህ፣ በፌስታል አጥብቀህ አስረህ ሁለት ሳምንት ያህል አቆየው። (ፌስታል የምፈቅድልህ እዚህ ላይ ብቻ ነው።) ስታወጣው ሳትፈታ አንድ ቀን አሳድረው፤ ቶሎ ከፈታኸው ላብ ይይዘዋል። ጎረቤትህ «ከዶሮው አጠገብ ሂሳብ አስቀመጠብኝ» ብሎ ቢያወራብህ ቻለው።

ባለቤትህን በተመለከተ እውነት አላት። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ 31 መጽሐፍ ያውም እየሸተተ ቀልድ አይደለም። አንድ መደርደሪያ ተስማሙ። ስፋቱን እሷ ትወሰን። ከሞላ በኋላ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ለመጽሐፍ የምታወጣውንም ከወር አስቤዛ በፊት ሳይሆን በኋላ፣ እሷ እያወቀች አውጣው። መጽሐፎቹን እንድትወድልህ ግን አትጠብቅ፣ አትጨቅጭቃትም።

ቦታ የሚለቁት ብዙ ናቸው። የሚር መጽሐፎችህን ከዚህ መደርደሪያ አንሳ። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት የሚገባው መጽሐፍ ብዙና ርካሽ ስለነበር ዛሬም ድረስ ይገኛል። ፒስኩኖቭ ካለህ፣ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የተጻፈ የካልኩለስ መጽሐፍ ነው፤ ከአጀማመር ጥያቄህ ጋር ጉዳይ የለውም። ዴሚዶቪችን ካገኘኸው ግን አትስጠው። ከ3,000 በላይ ጥያቄ አለበት፤ ትምህርት ቤት ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠውና ፈተና ስታወጣ ተጠቀምበት።

ከሦስቱ ሩዲን ሁለቱ ይሂዱ። አንዱን ሂሳብ ለሚማር የቀድሞ ተማሪህ ስጠው፤ ሁለተኛውን ነጋዴው ዘንድ በሌላ እትም ለውጠው። የትኛውን ላስቀር ካልክ፣ ንጹሑን እንዳትመርጥ። ሦስቱንም ክፈትና በእርሳስ የተጻፈበትን ፈልግ። እንዲህ ያሉ መጽሐፎች ላይ ብዙ ጊዜ ምዕራፍ 1 ኅዳጉ በጽሑፍ ይሞላል፤ ምዕራፍ 2፣ ኮምፓክትነስ የሚባለው ከባድ ሐሳብ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ንጹሕ ነው። አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ሌላውም ቆሞ እንደነበር ታያለህ። ከሦስቱ እርሳሱ ራቅ ያለበትን አስቀር፣ ያ ሰው የት ድረስ እንደሄደም እየተከተልክ አንብብ። ከነጋዴው ጋር እንዴት እንደሆናችሁ ደግሞ ጻፍልኝ።